ሁሉም የሚያውቀው መርዶ

ተመራማሪዋን ያወቅኋት በፎቶ ኮፒ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት አቧራ የለበሰ ቦርሳ ያዘለች ሴት ገባችና ጥያቄዎች የተጻፉበት ወረቀት ሰጠችኝ። መብራት አልነበረም። እስኪመጣ ድረስ ሌላ የሚነበብ ነገር ስላልነበረ ወረቀቱን አነበብኩት። «ከሚኖሩበት ቦታ ጋር ያለዎት ቁርኝት ምን ያህል ነው?» ይላል። ከሥሩ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ተደርድሯል።

«ይህን የሚመልስልዎ ሰው እዚህ አያገኙም» አልኳት።

«ለምን?»

«ቁርኝት ብሎ የሚያወራ የለም።»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

«ይኖራሉ እንጂ ምንም አይሉም።»

ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «አንቺ በለኝ። እስቲ አስተካክለው» አለች። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ጥያቄዎቹ ሌላ ሆነው ነበር፤ እኔም ሌላ ሥራ ይዤ ነበር። መጠሪያዬ የመስክ ረዳት ሆነ። እሷ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ አፏን በአማርኛ የፈታች ናት። ልታነጋግራቸው የመጣችው ገበሬዎችም ከአማርኛ ሌላ አይናገሩም። ሥራዬ ከአማርኛ ወደ አማርኛ ማስተርጎም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ባልቴት ደጃቸው ላይ ተቀብለውን ሰላምታ ጀመሩ። እኛን ጠየቁ፣ ያላዩትን ቤተሰባችንን ጠየቁ፣ የመጣንበትን አገር ዝናብ ጠየቁ፣ እንደገና ወደ እኛ ተመለሱ። ተመራማሪዋ እስክሪብቶዋን ከፍታ ቆማለች።

«ሰላምታው ሲያልቅ ንገረኝ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አያልቅም። መሀሉ ላይ ግቢበት።»

ጥናቷ አገራቸውን ለቀው ስለሄዱ፣ በግጭት ተፈናቅለው ስለተመለሱና አሁን የትኛውን ቦታ የኔ እንደሚሉ ስለማያውቁ ሰዎች ነው። ለአጭር ጊዜ ነበር የመጣችው። እሷ ከገባች በኋላ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ የጠየቀ ሰው የለም፤ የሚጠየቀው መቼ እንደሚከፈት ነው። እኔም በዚያ ሰሞን ደሴ ልሄድ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ልቀጥል አስቤ ነበር። በየዓመቱ አስባለሁ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፤ ይህ ከግጥሞቼ ያስታውቃል የሚሉ አሉ። መንገዱ ስለተዘጋ ቢያንስ በዚያ ዓመት ለመቅረቴ በቂ ምክንያት አገኘሁ።

ሰው ስታነጋግር መጀመሪያ የምትለው አንድ ነገር ነበራት። «ስምዎ የትም አይጠቀስም።» ይህ ሰውን ለማረጋጋት የታሰበ ነው። አንድ ሽማግሌ ግን ተቆጡ።

«ስሜ ምን አደረገሽ?» አሏት።

እኔም እዚህ ላይ የማንንም ስም አልጽፍም። ልማዱ ከእሷ ተጋብቶብኛል። እኚህን ሰው ግን ሽማግሌው እላቸዋለሁ፤ ታሪኩ የሳቸው ነው።

መንደራቸው ከመካነ ሰላም ጠዋት ተነስቶ ፀሐይ ሳይከር በእግር የሚደረስበት ነው፤ ደጋው ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድበት ጠርዝ ላይ። በዚያ በከፋው ድርቅ ጊዜ፣ ገና ጎጆ እንደወጡ፣ ከሚስታቸው ጋር በመኪና ተጭነው ወለጋ ሰፈሩ። እዚያ ልጆች ወለዱ፣ ቡናና ማንጎ ተከሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚስታቸው በሕመም ሞቱና እዚያው ተቀበሩ። ከዚያ ጦርነቱ ደጃቸው ሲደርስ ሽማግሌው ከአንድ ልጃቸውና ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር የያዙትን ይዘው ወጡ፤ ዞረው ዞረው ወደ ተወለዱበት መንደር ተመለሱ። የሟች ወንድማቸው መሬት ጥግ ላይ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ቀለሱ። ወለጋ እያሉ ወሎዬው ይሏቸው ነበር። እዚህ ወለጌው ይሏቸዋል።

ሽማግሌው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ቅሬ መግባት። በኛ አገር ቅሬ የሚባለው ሰው ሲሞት የሚቀብረው ማኅበር ነው። መቃብር ይቆፍራል፣ ቃሬዛ ይሸከማል፣ ሐዘንተኛን ያበላል። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው፤ ቄሱ ሲሞት እስላሙ ይቆፍራል፣ ሼሁ ሲሞት ክርስቲያኑ እንጨት ይፈልጣል። ቅሬ የሌለው ሰው ሲሞት ልጆቹ ብቻቸውን ይቆፍራሉ፤ መንደሩ ከሩቅ ቆሞ «ነፍስ ይማር» ይላል። ከዚህ የከፋ ነገር በኛ በኩል አይታወቅም። የሽማግሌው ጉዳይ በሚመጣው እሑድ በቅሬው ስብሰባ ሊታይ ተቀጥሮ ነበር። ይህንን ገና ሳንቀመጥ ነገሩን።

የተቀመጥነው ደጃቸው ላይ ነው። ልጃቸው በአንድ በኩል፣ ለወሬ ብቅ ያለ ጎረቤት በሌላ በኩል። የንስሐ አባታቸውም ጠበል ሊረጩ መጥተው ስለነበር በጭራ ዝንብ እያባረሩ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ተመራማሪዋ መቅረጫውን መሬት ላይ አኖረች። ሽማግሌው ስለ ወለጋ በደንብ አወሩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምስጡ፣ ስለ ሚስታቸው። ሚስታቸው ኦሮምኛ ከሳቸው ቀድመው እንደለመዱ፣ ገበያ ሲወጡ እሳቸው ዝም ብለው አህያ ይዘው ይከተሉ እንደነበር ተናገሩ። ሚስታቸው ሲሞቱ መቃብሩን የቆፈሩት የኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው መሆናቸውን፣ ሴቶቹም ሳይጠሩ መጥተው በራሳቸው ቋንቋ እንዳለቀሱ ነገሩን።

«ቋንቋውን ሁሉ አልሰማሁትም» አሉ። «ግን ስሟ ይጠራ ነበር።»

ተመራማሪዋ ቀጥላ ጠየቀች። ጥያቄው የራሷ ነው፤ እኔም ብሆን የምጠይቀው እሱኑ ነበር።

«እርስዎ የት ቢቀበሩ ይወዳሉ?»

«እሷው ዘንድ። ወለጋ» አሉ ሽማግሌው፤ አላሰቡበትም።

ቄሱ ጭራቸውን አቆሙ። ልጁ ያነሳውን ጆግ መልሶ አስቀመጠ። ጎረቤቱ ጫማውን ማየት ጀመረ። ተመራማሪዋ «አመሰግናለሁ» አለችና ስለ መጠጥ ውኃ ወደሚለው ጥያቄ አለፈች። ቄሱ ተነሱ።

«ሰምቻለሁ» አሉና ጠበላቸውን ይዘው ሄዱ።

ስንመለስ ተመራማሪዋ መንገድ ላይ አቆመችኝ። «ቄሱ ምን ሆኑ?»

«ኑዛዜ ተቀበሉ።»

«የምን ኑዛዜ?»

በኛ በኩል አንድ ሽማግሌ በንስሐ አባቱና በምስክር ፊት የሚቀበርበትን ቦታ ከተናገረ ያ ወሬ አይደለም፤ ኑዛዜ ነው። ልጅ ኑዛዜ ካፈረሰ እርግማን ይወርሳል። ቄስም ሽማግሌም ሊያነሳው አይችልም፤ የሚያነሳው የተናገረው ሰው ራሱ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኳት።

«እኔ እኮ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት!»

«እሳቸውም መልስ ነው የመለሱት። ችግሩ የቄሱ እዚያ መኖር ነው።»

በማግስቱ መንደሩ ሽማግሌው ሊሞቱ ነው ብሎ ደመደመ። ያለ ምክንያት የሚናዘዝ ሰው የለም። ተመልሰን ስንሄድ ሽማግሌው ከማሳቸው ጫፍ ድንጋይ ተሸክመው እርከን ይጠግናሉ። አንዲት ሴት አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ከማሳው ዳር ቆማለች።

«ኧረ አያ፣ ይተኙ እንጂ!» ትላቸዋለች።

«ለምን እተኛለሁ?»

«ተናዝዘዋል እኮ!»

«ተናዝዤስ ቢሆን፣ እርከኑን ማን ይጠግነዋል?»

«አብሽሩ፣ ልጅዎ አለ። ይጠጡት፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ሽማግሌው ድንጋዩን አኑረው አጥሚቱን ጠጡ። ሌላዋ ሴት ዳቦ ይዛ መጣች፤ ዳቦውንም በሉ። ከወለጋ ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጠያቂ አላዩም ነበር። በዚያ ሳምንት ትንሽ የወፈሩም መሰለኝ።

ልጃቸው ግን እየከሳ ሄደ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ መጥቶ ተመራማሪዋን አገኛት። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«እትዬ፣ ያን ድምፅ አጥፊልኝ» አላት።

«አባትህ አጥፊው ካሉኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። የእሳቸው መብት ነው።»

«እሱ አላጠፋም ይላል። የጠየቀችኝን መለስኩ ነው የሚለው።»

«እኔ ባጠፋውስ ቄሱ ሰምተዋል አይደል?» አለች። እየገባት ነበር።

ልጁ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «በሕይወት ያለ ሰው ያላለፈበትን መንገድ ሬሳ ተሸክሜ ላልፍ ነው? እዚህ ብቀብረው እርግማኑ የኔ ነው። ቅሬው ደግሞ መቃብሩ ሌላ አገር የሆነን ሰው አንመዘግብም ማለቱ አይቀርም። ካልመዘገቡት ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ልቆፍር ነው፣ እትዬ። ለዚያውም የት እንደምቆፍር ሳላውቅ።»

እሑድ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ከገበያው ሜዳ ዳር ካለ ወይራ ሥር ተሰበሰበ። የቅሬው ዳኛ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዳኛው የሽማግሌው አማች ናቸው፤ ወለጋ የሞቱት ሴት ታናሽ ወንድም። ይህን ተመራማሪዋ ያን ጊዜ አታውቅም፤ እኔም ልነግራት አላሰብኩም፤ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ።

ጉዳዩ ተነሣ። አንድ እስላም ጎረቤት፣ መንደሩ ውስጥ በቀልድ የሚታወቁ፣ ቀድመው ተናገሩ።

«ወላሂ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ። የሚቀበሩት ወለጋ፣ የሐዘኑን ንፍሮ የምንበላው እዚህ። ቃሬዛውን እስከ ዓባይ እኛ፣ ከዓባይ ወዲያ ማን?»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም።

«ኑዛዜዎን ያንሱ፤ ዛሬውኑ እንመዘግብዎታለን» አሉ ዳኛው።

«አላነሳም» አሉ ሽማግሌው።

«እንደሱ ከሆነ እኛ ምን እንሁን?»

«እኔ የምቀበረው እሷ የተለቀሰላት አገር ነው። እዚህ ማን አለቀሰላት?»

ሳቁ ቆመ። ዳኛው ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። ከዚያ የቀብር አካፋ ስለሰበረ ሰው መነጋገር ተጀመረ፤ ረዥም ጊዜ ስለ አካፋው ተወራ። የሽማግሌው ጉዳይ ለሚመጣው እሑድ ተላለፈ።

በሳምንቱ መሀል ተመራማሪዋ ዳኛውን ልታነጋግር ፈለገች። ቤታቸው ተቀብለውን ቆሎ አቀረቡ። ጥያቄዎቿን ከመጀመሪያው ጀመረች። ከቤተሰብዎ ወደ ሌላ አገር የሄደ አለ?

«አንዲት እህት አለችኝ» አሉ ዳኛው። «ወለጋ፤ ከወለጌው ጋር የሄደች።»

«የእርስዎ እህት? ሽማግሌውን ያገቡት?»

«አዎ። ታላቄ ናት።»

ተመራማሪዋ ወደ እኔ ዞረች።  ቆሎውን እየቆረጠምኩ ነበር። ጥያቄዋን እንደምንም ጨርሳ ወጣንና አጥሩን እንዳለፍን ክንዴን ያዘችኝ።

«አያውቁም እኮ! እህታቸው እንደሞቱ አያውቁም! ዓመታት አልፈዋል፣ ማንም አልነገራቸውም?»

«ያውቃሉ።»

«ያውቃሉ?»

«ያን ጊዜውኑ በስልክ ተሰምቷል። መንደሩ በሙሉ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን አለችኝ ይላሉ?»

«አልተነገራቸውማ።»

ይህን ማስረዳት ከአማርኛ ወደ አማርኛ ካስተረጎምኩት ሁሉ ከባዱ ነበር። በኛ በኩል የሞት ወሬና መርዶ ሁለት ነገር ናቸው። ወሬ በስልክ፣ በገበያ፣ በመኪና ረዳት ይመጣል። መርዶ ግን የሚነገር ነው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ቄስ ይዘው ከሐዘንተኛው ደጅ ቆመው፣ ከአፋቸው ሲወጣ ነው መርዶ የሚሆነው። የሚያረዳው ሰው የሟች ቤተሰብ አይደለም። መርዶ ያልተነገረው ሰው ቢያውቅም አያለቅስም፤ ካለቀሰ ወሬ ሰምቶ ወገኑን የገደለ ይመስላል። እሱ ካላለቀሰ ደግሞ መንደሩ ለቅሶ አይቀመጥለትም። ስለዚህ ዳኛው ለዓመታት «እህት አለችኝ» ሲሉ ኖረዋል። ሰውም «ደህና ናት?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር፤ ነውር እንዳይሆን።

«ሽማግሌውስ ከተመለሱ በኋላ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ባል አያረዳም። ሐዘንተኛ ነው። እሳቸው የሚያለቅስላቸው እስኪመጣ ጠበቁ። የሚያለቅሱት ደግሞ እስኪነገራቸው ጠበቁ።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

ይህን አላውቅም ነበር። እውነት ለመናገር አስቤውም አላውቅም። ተመራማሪዋ የዚያኑ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቄሱን በቀጥታ ጠየቀቻቸው። ይህን ሊያደርግ የሚችለው እንግዳ ሰው ብቻ ነው።

«አባ፣ ለዳኛው ማን ነው መርዶ የነገራቸው?»

«ተነግሯቸዋል» አሉ ቄሱ።

«ማን ነገራቸው?»

ቄሱ አሰቡ። «የታችኛው ሰፈር ሽማግሌዎች ይመስሉኛል።»

የታችኛው ሰፈር ሽማግሌዎች ቄሱ እንደነገሩ ነበር የሚያውቁት። ቄሱ ይህን ሲሰሙ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ መስቀላቸውንም በጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ሰውዬው እኮ እርሜን አላወጣሁም ብሎ አያውቅም» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ አላለም።»

ለሐሙስ ጎህ ተቀጠረ። የምትሄዱት በድብቅ ነው፣ ዳኛው ማወቅ የለባቸውም ተባልን። ተመራማሪዋ መቅረጫዋን ቤት ትታ መጣች፤ ማንም ሳይነግራት። ቄሱ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ኋላ ኋላ ደግሞ እኛ። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል፤ ከበረሃው በኩል ጭጋግ ወጥቶ አጥሩን ሸፍኖታል። ግቢው ሲታይ ተጠርጓል። አግዳሚ ወንበሮች ከየጎረቤቱ መጥተው በረድፍ ቆመዋል። ከጓሮው ትልቅ ድስት ላይ ንፍሮ ይንፈቀፈቃል። ዳኛው ብቻ ምንም አያውቁም።

በሩን ከፈቱ። ጋቢ ደርበዋል፣ ተጫምተዋል።

«ምነው በጠዋቱ? በደህና?» አሉ።

«በደህና ነው» አሉ ቄሱ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት። የወለጋዋ እህትዎ ዐርፋለች።»

ዳኛው የሚያስመስሉ መስሎኝ ነበር። ለዚያ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፤ እንዴት እንደሚያስመስሉ ለማየት፣ ምናልባትም ለመጻፍ። ዳኛው ግን የበሩን መቃን ያዙ፤ ያዙትና ለቀቁት፤ ከዚያ በቁመታቸው ወደቁ። «እቴ! እቴዋ! እኔ ልቅደም ሳልልሽ!» የሚል ድምፅ ወጣቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለማንሳት ታገሉ። ዳኛው ለዓመታት የሚያውቁትን ነገር እንደማያውቅ ሰው ሰሙት። ከየቤቱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲወጡ አየሁ፤ ተዘጋጅተው ቆመው ነበር፤ ቢሆንም እየሮጡ መጡ።

ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር ደረሱ። ሚስታቸው ይለብሱት የነበረውን ሻርፕ ይዘዋል፤ ሲሸሹ ካወጧቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ሬሳ ስለሌለ ሻርፑ አልጋ ላይ ተዘረጋ። አማቾቹ ተቃቅፈው ብዙ ቆሙ። የተነጋገሩት ነገር ካለ አልሰማሁም።

ከቀትር በፊት አስለቃሿ ተመራማሪዋን ጠርተው ከአጥሩ ሥር አስቀመጧት። ሴትዮዋ በልቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርዱ፣ አካባቢው የሚያከብራቸው ባልቴት ናቸው። ሟቿ ከመንደሩ ስትወጣ ገና ሙሽራ ስለነበረች ከዚያ በኋላ ያለውን የሚነግራቸው ይፈልጋሉ።

«ሽማግሌው አንቺን ሁሉን አጫውተውሻል አሉ። ምን ትሠራ ነበር? ከማን ጋር ትውል ነበር? ሳቅ ታውቃለች?»

ተመራማሪዋ የምታስታውሰውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስለ ገበያው ስትነግራቸው አስለቃሿ «እሱን ድገሚልኝ» አሉ። እኔም አጠገባቸው ስለነበርኩ፣ ግጥም እጽፋለሁና፣ ሁለት ስንኝ አቀረብኩላቸው። ስለ ማንጎ ጥላና ስለ ስደት ነው። አንገታቸውን አዘንብለው ሰሙኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ለሬዲዮ።»

ተነሥተው ወደ ሴቶቹ ገቡ። ሻርፑን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙና ጀመሩ።

«ጎረቤት አልቅሶ ዘመድ የዘገየ፣
እንዲህ ያለ መርዶ ማን ሰምቶ ማን አየ።»

ይህ ስድብ ነው። ለቅሶ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ነው የሚሰድበው። ሁሉም አለቀሰ። ቀልደኛው እስላም ጎረቤት ሳይቀሩ በኩታቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ዳኛው ሲሰሙት ደረታቸውን መቱ። ሽማግሌው ግን አላለቀሱም፤ የተቀመጡበት ሆነው እያንዳንዱን ሰው ያዩ ነበር። ማን እንደመጣ የሚያዩ ይመስለኛል።

እሑድ ቅሬው እንደገና ከወይራው ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው ገና የሐዘን ልብስ ላይ ናቸው፤ ጠጉራቸውን ተላጭተዋል። ልጁ ከአባቱ ኋላ ቆሟል፤ ባርኔጣው አሁንም በእጁ ይሽከረከራል። ተመራማሪዋ ዳር ይዛ ተቀምጣለች፤ ምንም አትጽፍም።

«አማቼ» አሉ ዳኛው። «እህቴ እዚህም ተለቅሶላታል።»

«ተለቅሶላታል» አሉ ሽማግሌው። «አይቻለሁ።»

«እንግዲህ ኑዛዜዎን ያነሳሉ?»

 ልጁ እግሩን ቀያየረ።

«አላነሳም። ብቻዋን ናት እዚያ። ጎረቤቶቻችንም ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ስልካቸው አይሠራም። እሷን ያለሰው ትቼ ቃሌን ባነሳ ምን ዓይነት ባል ነኝ?»

 ስለ አካፋው የሚያወራ ሰው አልተገኘም።

«ግን እዚህም ቃል እጨምራለሁ» አሉ ሽማግሌው፤ ወደ ቄሱ ዞረው። «አባ፣ ይስሙ። መንገድ ተከፍቶ እንደሆነ እሷ ዘንድ ይውሰዱኝ። ካልተከፈተ እዚሁ ከአባቴ ጎን። ልጄ የትኛውንም ቢያደርግ እርግማኔ የለበትም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ቄሱ።

«መከፈቱን ማን ይወስናል?» አሉ ቀልደኛው ጎረቤት። «ግማሽ መንገድ ቢከፈትስ?»

«እኔ ያኔ አልኖርም። እናንተው ተስማሙበት።»

ሰው ሳቀ፤ ዳኛውም በሐዘን ልብሳቸው ሳቁ። ልጁ ባርኔጣውን አደረገ። ከዚያ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደማንኛውም አዲስ ገቢ፣ የሚጠየቀውን ጠየቁ።

«የሚመዘገቡት ከተሸካሚ ነው ከቆፋሪ? በእርግጥ ለዕድሜዎ ሁለቱም ይቀርልዎታል። ተቀምጠው ማጽናናት ይበቃል።»

«ቆፋሪ» አሉ ሽማግሌው።

«አያ፣ መሬቱ ድንጋይ ነው» አለ አንድ ጎረምሳ።

«የወለጋው ለስላሳ ነበር። አንድ ክንድ ሳትለፋ ትወርዳለህ» አሉ። «የዚህን ግን ልጅ ሳለሁ አውቀዋለሁ። ማን ነው የሚቀድመው?»

«ገና ማንም አልሞተም» አሉ ዳኛው።

«እጠብቃለሁ» አሉ ሽማግሌው፤ ሄደውም ከቆፋሪዎቹ ጋር ተቀመጡ።